ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ

ባሻ ጥላዬ ከመኪናዋ ስር ሲወጡ ያን ጥቁር ክር ለምን ኪሳቸው ከተቱት? አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ራሴን ጠይቄያለሁ። ሦስት መልስ አለኝ፤ አንዱን አምኜ ስቀመጥ ሌላው ያፈርሰዋል። እሳቸውን መጠየቅ አይቻልም፤ ዐርፈዋል። ስለዚህ ያየሁትን ብቻ፣ ባየሁበት ቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

ባለፈው ጥር ራቤል ከተማ ወደሚገኘው አጎቴ ቤት ሄጄ ነበር። መኪናዋ አሁንም ጓሮ አለች። ጎማዎቿ ወልቀው በአራት ድንጋይ ላይ ቆማለች፤ የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ ታቅፋለች። አጠገቧ ቆሜ ሳለሁ ከጎረቤት የበግ ጭንቅላት ይለበልቡ ነበር መሰለኝ፣ የተቃጠለ ጠጉር ሽታ በአጥሩ በኩል መጣ። እጄን መኪናዋ ላይ አሳርፌ ነበር፤ ሳላስበው አነሳሁት። እንዲህ ያለ ሽታ ወጥ ቤት ውስጥ ቢሆን ምንም አይመስለኝም። ከዚያች መኪና አጠገብ ግን እሳት የነካሁ ያህል ነው።

ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። አጎቴ ደምሴ እዚያው ራቤል፣ በወረዳ መሥሪያ ቤት ይሠራል፤ ሚስቱ እትዬ አስካለ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ወልዳ ሁለቱም አልቆዩላትም። ከባድ ነገር እንዳታነሳ ተብሎ በኅዳር እኔን ከአባቴ ቤት አመጡኝ። አጎቴ በመጣሁ ቀን አስቀምጦ እንዲህ አለኝ፦

«እስከ ጥምቀት እትዬሽን በደንብ ከረዳሽ፣ የካቲት ላይ ሁለተኛው መንፈቅ ሲጀመር ርዕሰ መምህሩን አናግሬ አስገባሻለሁ። ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ ጋሼ።»

«ካስቸገርሽ ደግሞ የመጣሽበትን መንገድ ታውቂዋለሽ።»

መንገዱን አውቀዋለሁ። በእግር የአንድ ቀን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሄድኩበት ሁሉ ያ መንገድ ከኋላዬ እንደቆመ ይሰማኝ ነበር።

ማንበብ ግን እችል ነበር። ወንድሜ ከጣለው የፊደል ገበታ ጀምሬ፣ የተረፈውን አጎቴ ቤት ጨረስኩት። የምተኛበት ዕቃ ቤት ግድግዳው በአሮጌ ጋዜጣ የተለበጠ ነው። ጋዜጣውን ሲለጥፉት ማንም ለንባብ አላሰበውም፤ ግማሹ ተዘቅዝቋል። አንገቴን አጣምሜ ነው ያነበብኩት።

የእኔ ዋና ሥራ ታዲያ መኪናዋን ማሞቅ ነበር።

ራቤል በታኅሣሥ ጧት አመዳይ ይወርዳል። ሣሩ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል፤ ባልዲ ውስጥ ያለ ውሃ ቆዳ ያወጣል። የአጎቴ መኪና አሮጌ ነጭ የቤት መኪና ነበረች፤ ቤንዚን የምትጠጣ፣ በብርድ የማትነሳ። ማታ ሲገባ ኮፈኗ ላይ ባና የሚባለውን ወፍራም የጠጉር ልብስ ያለብሳታል። «መኪና እንደ በግ ጠጉር የላትም፤ እኛ ካላለበስናት ማን ያለብሳታል?» ይል ነበር። ጧት ደግሞ በሰፊ ገል ፍም አድርጌ ከሞተሯ ሆድ ስር የማስገባው እኔ ነኝ። ሕጉን በጣቶቹ ቆጥሮ ነው የሰጠኝ፤ ፍሙ በአመድ ይዳፈን፣ ነበልባል አይኑረው፣ ገሉ ከፊት ብቻ ይሁን፣ የጭሱ ቱቦ አጠገብ አይድረስ፣ እኔም ከአጠገቡ አልራቅ። ዛሬ ይህን የሰማ ሰው ቤንዚን ያላት መኪና ስር እሳት እንዴት ይገባል ብሎ ያብዳል። እዚያ ግን ብርዱን የሚያውቅ ሁሉ የሚያደርገው ነበር፤ እኔም አንድም ቀን ሕጉን አልጣስኩም። ከአንድ ቀን በስተቀር።

የዚያን ዕለት ፍሙ ከስሞ አደረ። ኩበት ጨመርኩበትና እፍ አልኩት። ነበልባሉ እስኪበርድ መጠበቅ ነበረብኝ፤ አልጠበቅሁም። ተንበርክኬ ማስገባት ሲገባኝ፣ አመዳዩ ጉልበቴን ስለሚያቃጥለኝ ቆሜ በእንጨት ገፋሁት። የት እንደደረሰ አላየሁም። ለምን እንደቸኮልኩ በትክክል አስታውሳለሁ። አጎቴ ከዕቃ ቤቱ የገብስ ጆንያ አንስቶ ነበር፤ ከጆንያው ኋላ ለሳምንታት ግማሹን ብቻ የማውቀው ወሬ ቀሪው ታየ። ጉድጓድ ውስጥ ስለወደቀ ሰው ነው። ይውጣ አይውጣ ማወቅ ነበረብኝ። ገብቼ አንገቴን አጣመምኩ። ሰዎች ገመድ አመጡ፤ ገመዱ አጠረ፤ ሌላ ቀጠሉበት፤ ሰውየውም ያዘው፤ ከዚያ ወረቀቱ ተቀዷል። ግድግዳው ላይ ጭቃ ብቻ ነው ያለው።

ሽታው የመጣው ያን ጊዜ ነው።

ሮጬ ወጣሁ። ነበልባሉ ከገሉ ወጥቶ ቱቦውን ይልሳል። አመድ በእጄ ዘግኜ ደፋሁበት፤ ገሉን በባዶ እጄ ጎተትኩት። ቱቦው ላይ እንደ ትልቅ ብሎን የመሰለ ነገር ተሰክቷል፤ ከእሱ የሚወጡት ቀጫጭን ሽቦዎች ልባሳቸው እንደ ሻማ ቀልጦ ይንጠባጠባል። አንዱ ተበጥሷል። ማንም አላየኝም። አጎቴ ጸሎት ላይ ነው፤ እትዬ አልተነሳችም። እትዬ ለባና የምትፈትለው ጥቁር የበግ ጠጉር ክር እንዝርቱ ላይ ነበር፤ አንድ ክንድ ያህል በጠስኩ። የተበጠሰውን ሽቦ ጫፍ ለጫፍ አጣምሬ፣ ሁሉንም አንድ ላይ በክሩ ጠቀለልኩት። በእናቴ አስተሳሰር ቋጨሁት፤ ሦስት ዙር ዞሮ በራሱ ስር የሚሾልክ። አልጋ ስትጠፍር የምታስረው እሱን ነው፤ ተፈትቶ አያውቅም።

መኪናዋ ተነሳች። እፎይ አልኩ። አጎቴ ግን መሪው ፊት ለፊት ያለውን መስታወት በጥፍሩ መታ መታ አደረገ። «ይቺ ቢጫ መብራት ደግሞ ምን አይታ ነው የበራችው?»

እኔ ምን እንዳየች አውቄያለሁ። ዓይን ናት ብዬ አመንኩ። እኔ ሳስር ከውስጥ ሆና አይታኛለች፤ አሁን ለአጎቴ ልትነግረው ትበራለች፤ እሱ ቋንቋዋን ስለማያውቅ ብቻ ነው ያመለጥኩት። ከዚያ በኋላ አጎቴ ማታ ሲገባ ከሁሉ በፊት ፊቱን አያለሁ። ዛሬስ ነገረችው ይሆን?

መኪናዋ በየቀኑ ባሰባት። ቆማ ስትሠራ ታስላለች፤ በጭስ ማውጫዋ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፤ ቤንዚን አይበቃት አለ። ከሁሉ የከፋው ሽታው ነበር። ቱቦው ሲግል ክሬ ይለበለባል። «ምንድን ነው እንዲህ ጠጉር ጠጉር የሚሸተኝ?» ትላለች እትዬ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ። አጎቴ «የጫንኩት ቆዳ ይሆናል» ይላል። ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበታል ብሎ ቀየረው፤ ማጣሪያውንም ቀየረ። ጎረቤት ደግሞ የሰው ዓይን ነው፣ ጠበል ርጩባት አለች። ረጩባት። መብራቷ አልጠፋችም፤ እኔም የባሰ ፈራሁ፤ ጠበልም ካላስለቀቃት በቃ እውነቷን ነው።

በመጨረሻ ባሻ ጥላዬ ተጠሩ።

ባሻ ቀየት በሚባል አገር ተወልደው ዕድሜያቸውን በጦር ሠራዊት ጋራዥ የጨረሱ ሽማግሌ ነበሩ፤ ራቤል በሚስታቸው አገር ይኖራሉ። የሸራ ቦርሳ አንግተው በእግራቸው መጡ። አጎቴ ሥራ ላይ ነው፤ ቤት ያለነው እትዬና እኔ ነን። እትዬ ደጃፉ ላይ ባና ደርባ ፀሐይ ትሞቃለች። ባሻ ኮፈኑን ከፍተው ከሞተሩ መለኮሻዎች አንዱን ካንዴላ ፈቱና ጥላሸት እንደለበሰ ወደ እሷ ዘረጉላት።

«አስካለ፣ ይሄ ካንዴላ ነው ወይስ የከሰል ጆንያ?»

«እኔ በምን ዐውቄው ባሻ?»

«ይቺን መኪና የያዛት ቁንጣን ነው። ቤንዚኑን ትግጣለች፤ ጠግቤያለሁ የሚላት የለም።»

«እኔንስ ምን ያዘኝ? ከጧት እስከ ማታ ነው የምበላው።»

«አንቺማ የሚበላው ሌላ ነው!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ኮፈኑ ስር ካለች ትንሽ ሣጥን ክዳን አነሱ፤ አጭር ሽቦ ቆርጠው ሁለት ቀዳዳዎችን አገናኙ። «አሁን የሚያማትን ራሷ ትናገራለች።»

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። ቋንቋዋን የሚያውቅ ሰው መጣ።

«ነይ አንቺ፣ ግቢና ቁልፉን አዙሪ፤ ግማሽ ድረስ ብቻ፤ እንዳታስነሺያት።»

አዞርኩ። ቢጫዋ መብራት ብልጭ፣ ብልጭ አለች። ዝም አለች። አንድ ጊዜ ብልጭ አለች። ረጅም ዝምታ፤ ከዚያ እንደገና፤ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ። ምን እንደምትል ገባኝ መሰለኝ። ሁለቱ እትዬና በሆዷ ያለው ናቸው። አንዷ እኔ ነኝ።

ባሻ አንገታቸውን በመስኮቱ አስገብተው ራሳቸው ቆጠሩ። «ሁለትና አንድ፤ ሃያ አንድ ናት። ሃያ አንድ... ድሮ በቃሌ ነበር እኮ።» ከቦርሳቸው ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጡ፤ ገለጡ፤ ክንዳቸውን ዘረጉ፤ መልሰው አጠፉ። «መነጽሬን ትናንት ጊደሯ ረገጠችብኝ። ማንበብ የምትችል የለችም እዚህ ቤት?»

«ትርንጎ ታነባለች» አለች እትዬ፤ ድምጿ ውስጥ ኩራት ነበር። «የዕቃ ቤቱን ግድግዳ ጨርሳዋለች።»

ደብተሩን ሰጡኝ። በሰማያዊ ቀለም፣ በረጋ እጅ የተጻፈ ነው። ዛሬም ገጹ ይታየኛል። ሃያ አንድ ላይ «ጭስ ማሽተቻ። መጀመሪያ ሽቦውን እይ» ይላል። ከስሩ ሃያ ሁለት ላይ «የውሃ ሙቀት መለኪያ። አጽድተህ እሰር፤ ካልሆነ ለውጥ» ይላል።

ሽቦውን እይ። እኚህ ሰው ይህን ከሰሙ አሁን፣ እትዬ ፊት፣ መኪናዋ ስር ይገባሉ። ክሩ የእትዬ ክር ነው።

«ምን ይላል?»

«የውሃ ሙቀት መለኪያ» አልኩ። «አጽድተህ እሰር፤ ካልሆነ ለውጥ።»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ያነበብኩት ይህን ነው።

ባሻ ደብተሩን ተቀበሉኝ። «የውሃ ሙቀት... ይሆናል። ሞተሩ በርዶኛል ብሎ ካሰበ ቤንዚን ይለምናል። በዚህ ብርድ ማን ይፈርድበታል?» መለኪያውን ፈትተው አጸዱ፤ ከቦርሳቸው በሌላ ለወጡት። የተናገረችውን እንድትረሳ ፊውዝ ነቅለው መልሰው ሰኩ። መብራቷ ጠፋች። «ጎበዝ!» አሉኝ። «አንባቢ ነሽ።»

ማታ እትዬ ለአጎቴ ነገረችው። «ያለ እሷ አይሆንም ነበር፤ ባሻ ያሏትን ብትሰማ!» አጎቴ አየኝና ፈገግ አለ። «እንግዲያ የካቲት ላይ ገባሽ በያ።» የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ ትሪው ላይ አኖርኩት።

ሐኪሙ እትዬ ገና ሦስት ሳምንት እንደሚቀራት ነግሯታል፤ የቀደሙትን አስታውሶ ግን ከሆስፒታሉ አጠገብ ትሰንብት ብሏል። ሆስፒታሉ ጓሳ ከሚባለው የሣር ደጋ ማዶ ነው። በማግስቱ በሶ፣ ልብስና ባና ጭነን ጧት ተነሳን። እኔ ከኋላ ከእትዬ ጋር ተቀመጥኩ።

ዳገቱን እንደጨረስን ጉም ዋጠን። የለበለበ ጠጉር ሽታ ከወለሉ ይወጣል። አጎቴ አፍንጫውን ነፋ። እኔ በሁለቱ ወንበሮች መሃል መብራቷ ያለችበትን ቦታ ብቻ አያለሁ። ጥቁር ነው። ጥቁር ነው። ከዚያ በራች። መኪናዋ ሁለቴ አስላ፣ ተንቀጠቀጠች፣ ቆመች።

አጎቴ ቁልፉን አዞረ፤ አዞረ፤ አዞረ። ቤንዚኑ ዓይን እስኪያቃጥል ሸተተ። «ታንቃለች» አለ። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተና ቆሞ ተመለከተ፤ ምን ማየት እንዳለበት አያውቅም። እኔ አውቃለሁ። ወደ ኋላ መጥቶ እትዬን አያት፤ ፊቷ ላብ አውጥቷል።

«ምነው?»

«ምንም፤ ወገቤን ነው። ሂድና ሰው ፈልግ።»

«የሣር ጠባቂዎቹ ጎጆ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ከመኪናው እንዳትወጡ።» ሄደ። አሥር እርምጃ ሳይሞላ ጉሙ ወሰደው።

የቀረነው እኔና እትዬ ነን። ጉሙ ሳሳ ሲል ዳገቱ ላይ ሰዎች ቆመው አየሁ፤ ረጃጅሞች፣ ጭንቅላታቸው ትልልቅ፣ የማይንቀሳቀሱ። ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል መሆኑን አውቃለሁ፤ ጅብራ ብርቄ አይደለም። ግን እየቆጠርኳቸው ነበር፤ ጉሙ ዘግቶ በገለጠ ቁጥር ቁጥራቸው ይለያያል። አንድ ቦታ ጭላዳ ዝንጀሮ ጮኸ፤ የሕፃን ጩኸት መሰለኝ። እትዬ ክንዴን ያዘች። እየጠበቀ፣ እየጠበቀ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ የሚላላ አያያዝ ነው። ትንሽ ቆይቶ እንደገና።

«አውሪኝ ትርንጎዬ። ዝም አትበይ።»

«ምን ላውራ?»

«ከግድግዳው ያነበብሽውን።»

ጉድጓድ ውስጥ ስለወደቀው ሰው ነገርኳት። ገመዱ እንዳጠረ፣ ሌላ እንደቀጠሉበት፣ ሰውየው እንደያዘው። ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች።

«ከዚያስ? ወጣ?»

«ወጣ» አልኩ።

«ተመስገን» አለች፤ ክንዴን ለቀቀችው።

ይህም ውሸት ነበር፤ ሁለተኛዬ። ያን ጊዜ ነው ልነግራት አፌን የከፈትኩት። «እትዬ፣ ያን ዕለት እኔ...» አልኩ። ከጉሙ ውስጥ የፈረስ ኮቴ ተሰማ፤ አፌን ዘጋሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ኮቴው ባይመጣ ኖሮ መጨረሴን እርግጠኛ አይደለሁም።

አጎቴ አራት ሰው ይዞ መጣ፤ አንዱ ፈረስ ይስባል። «ሴትዮዋን ፈረሱ ላይ እናውጣት» አለ ባለፈረሱ።

«ምጥ ይዟት በፈረስ? አብደሃል?» አለው ሌላው።

«ይቺ ቆርቆሮ ከፈረሴ ትሻላለች?»

«ግፉ ባካችሁ!» ጮኸ አጎቴ።

መንገዱ ትንሽ ወደሚወርድበት ገፏት። አጎቴ ፍሪሲዮኑን ድንገት ለቀቀ፤ መኪናዋ ጥቁር ጭሷን በሰዎቹ ፊት ላይ ተፍታ ተነሳች። ከዚያ እስከ ሆስፒታሉ ድረስ አንድም ጊዜ እግሩን ከነዳጁ አላነሳም። እትዬ ክንዴን እንደያዘች ደረስን፤ የጣቶቿ ምልክት ሳምንት ቆየ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ሴት ልጅ ተወለደች። ትንሽ ናት። በበሩ ክፍተት አየኋት፤ አፍንጫዋ ላይ ቀጭን ቱቦ ተለጥፏል። ነርሷን «ምንድን ነው?» አልኳት።

«ኦክስጅን ነው፤ ትንፋሽ አጥሯት። አይዞሽ፣ ይሻላታል።»

ቃሉን በአፌ ደጋገምኩት። የማላውቀውን ቃል ሁሉ እንደዚያ ነበር የምይዘው።

ከሦስት ቀን በኋላ እትዬንና ሕፃኗን እዚያው ትተን፣ በስንት ልመና መኪናዋን ራቤል አደረስናት። ባሻ ጥላዬ መጡ፤ መነጽራቸው በፕላስተር ተጠግኗል። አጎቴ እጁን አጣጥፎ ቆሟል። ባሻ ያቺን አጭር ሽቦ ሰኩ፤ ቁልፉን እኔ አዞርኩ። ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ። ደብተራቸውን አወጡና ራሳቸው አነበቡ። ለአንድ መስመር ብዙ ቆዩ። ከዚያ በመነጽሩ በላይ አዩኝ፤ ቁጣ አልነበረበትም፤ ምን እንደነበረበት አላውቅም። ደብተሩን ዘጉ፤ መኪናዋን በክሪክ አንስተው ድንጋይ ደገፉላትና በጀርባቸው ስሯ ገቡ።

እግራቸው ብቻ ይታያል። አንደኛው ጫማቸው ክር የለውም፤ በሲባጎ ታስሯል። ሲባጎውን እያየሁ የምሄድበትን መንገድ አሰብኩ፤ የትኛውን ወንዝ በየት እንደምሻገር። ብረት ሲነካካ ተሰማ፤ ከዚያ ዝም አለ።

ሲወጡ ቀኝ እጃቸው ተጨብጧል። በጣቶቻቸው መሃል ጥቁር ጫፍ አየሁ፤ ቋጠሮው ሳይቀር። እጃቸው ወደ ካኪ ኮታቸው ኪስ ገባ፤ ባዶውን ወጣ።

«ምን ሆና ነው?» አለ አጎቴ።

«የጭስ ማሽተቻዋ ሽቦ ነው። ያረጀ ዕቃ ነው፤ ቱቦው አጠገብ ሲኖር ሙቀት ይበላዋል።»

«ያን ጊዜ የውሃ ሙቀት ነው አላሉም?»

«ብያለሁ። ተሳሳትኩ።»

«ተሳሳትኩ! ሚስቴን ጓሳ ላይ ሊያስገድሉብኝ ነበር እኮ ባሻ!»

ባሻ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ልክ ነህ ልጄ» አሉ። «ልክ ነህ።»

እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ ነበር የቆምኩት። ሁለት እርምጃ።

አዲሱ ማሽተቻ ከደብረ ብርሃን በአውቶቡስ መጣ፤ በትንሽ ካርቶን። አሮጌው አልፈታ አለ። ባሻ ሞተሩን አስነስተው ቱቦውን አሞቁት፤ ዘይት አንጠባጠቡበት፤ ጠበቁ፤ በመፍቻው ተንጠለጠሉበት። ብረቱ ሲጮህ ጥርሴን ነከስኩ። ወጣ። ጫፉ እንደ ተለኮሰ ክብሪት ራስ ጠቁሯል። መዳፌ ላይ አኖሩት።

«ይቺ የመኪናዋ አፍንጫ ናት። ጭሱን ታሸታለች፤ ቤንዚኑ በዛ፣ አነሰ ብላ ለሞተሩ ትነግረዋለች። ሽቦዋ ከተበጠሰ ማን ይንገረው? በግምት ያፈስሰዋል፤ እሱ ነው ቁንጣኑ። የፈረንጅ ስሟ ኦክስጅን ሴንሰር ነው።»

ኦክስጅን። መዳፌ ላይ ያለው ነገር ከበደኝ። ያቺ ሕፃን ትንፋሽ ያጠራት ለዚህ ነው፤ እኔ ያቃጠልኩት የእሷን ነው። ሁለቱ በአንድ መኪና ውስጥ ነበሩ። ለአንድ ልጅ ከዚህ የበለጠ የጠራ ማስረጃ የለም።

«ባሻ፣ የሕፃኗም ናት?»

«የማንኛዋ ሕፃን?»

ዕቃውን መለስኩላቸው። አዲሱን በእጃቸው ቀስ ብለው ጀመሩት፤ በመፍቻው አጠበቁት፤ ሽቦውን ከቱቦው አርቀው በቆርቆሮ ማሰሪያ አሰሩት። ፊውዙን ነቅለው መለሱ። ሞተሩ ተነሳ። እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ፣ ጭሱ እየነጣ፣ እየነጣ ሄዶ ጠፋ። መብራቷም ጠፋች። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እኔ ያሰብኩት ከእኔ ሌላ የሚያውቁት ባሻ ብቻ መሆናቸውን ነው።

አጎቴ እጁን ሊታጠብ ገባ። ባሻ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ደብተሩን ዘረጉልኝ።

«በይ አንብቢልኝ። ከላይ ጀምሪ።»

መነጽራቸው ዓይናቸው ላይ ነው። ጀመርኩ።

«ጣትሽን ከስሩ አድርጊ» አሉኝ። «ዓይን መስመር ይዘላል።»

ጣቴን አደረግሁ። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት። ሃያ አንድ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ጠበቁኝ። «ጭስ ማሽተቻ» አልኩ። «መጀመሪያ ሽቦውን እይ።»

«ጎበዝ።» ደብተሩን ወሰዱና ተነሱ። «ትምህርት ቤት ስትገቢም በጣትሽ አንብቢ።»

እትዬና ሕፃኗ በደህና ተመለሱ። እኔ የካቲት ላይ ገባሁ፤ ከክፍሉ ሁሉ በዕድሜ ትልቋ። መምህሩ ጣትሽን አንሺ ሲለኝ አላነሳሁም። ዛሬም አላነሳም።

እንግዲህ ሦስቱ መልሶቼ እነዚህ ናቸው። አንድ፣ አዘኑልኝ። ግን የሚያዝን ሰው ለብቻዬ አንድ ቃል ይለኝ ነበር። ሁለት፣ በሥራቸው አፈሩ፤ ልጅ አስነብበው እርጉዝ ሴት ጓሳ ላይ ማስቀረታቸው እንዳይታወቅ ፈለጉ። ግን ጥፋቱን በአፋቸው ወሰዱ። ሦስት፣ ምንም አላሰቡም፤ የዕድሜ ልክ መካኒክ የፈታውን ነገር መሬት አይጥልም፣ ኪሱ ይከታል። መስመር የዘለልኩ መስሏቸው ይሆናል። ግን ቋጠሮው እጃቸው ላይ ነበር።

ያቺ ሕፃን ጽዮን ናት። ባለፈው ጥር፣ መኪናዋ አጠገብ ቆሜ ሽታው ሲያስደነግጠኝ ከኋላዬ መጣች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አፏ አያርፍም። የመኪናዋን በር እየከፈተች እየዘጋች የቤቱን ቀልድ ነገረችኝ፤ በየገናው የሚወራውን፣ የማውቀውን። ሻይ ሲቀዘቅዝ፣ ሬዲዮ ሲበላሽ አጎቴ «የውሃ ሙቀት ነው!» ይላል፤ ሁሉም ይስቃል።

«ባሻ ጥላዬ እኮ ተሳስተው ጓሳ ላይ ሊያስወልዱኝ ነበር» አለች እየሳቀች። «ነፍሳቸውን ይማረውና መካኒክ አልነበሩም፣ ምንም አልነበሩም አለ አባዬ።»

ባሻ ከሞቱ ዓመት አልሞላቸውም።

«አልተሳሳቱም» አልኩ።

«እ?»

«ባሻ አልተሳሳቱም። ደብተሩን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ።»

ነገርኳት። ሁሉንም፤ ክሩን፣ ሃያ አንድን፣ በጉሙ ውስጥ የያዘኝን እጅ። በሩን መክፈትና መዝጋት አቆመች። ስጨርስ ለረጅም ጊዜ አየችኝ፤ እኔም በአሥራ ሁለት ዓመቴ የአጎቴን ፊት እንዳየሁት ፊቷን አየሁ።

«እኔ እዚያ ውስጥ ነበርኩ?»

«ነበርሽ።»

«ለእማዬ ነግረሻታል?»

«አልነገርኳትም።»

ከመቅጽበት ዞረች። «እማዬ! እማዬ ነይ! ትርንጎ የምትነግርሽ ነገር አለ!»

ያ መንገድ እንደገና ከኋላዬ ቆመ። አሁን የራሴ ቤት አለኝ፤ የሚያስወጣኝ ማንም የለም፤ ዓይኔ ግን የግቢውን በር ፈለገ። እትዬ እንዝርቷን እንደያዘች፣ ጥቁሩ ክር ከጣቷ ሳይለቅ፣ ቤቱን ዞራ መጣች። ከመኪናዋ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ምንድን ነው ትርንጎዬ? አውሪኛ።»

ከገሉ ጀመርኩ።